ካርዱ በኪስ፣ መድኃኒቱ በገበያ፦ የጤና መድህን መጥበብና የልደታ አዛውንት

በልደታ ክፍለ ከተማ ሁለት ታላላቅ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። አንደኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ጥቁር አንበሳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለረጅም ዘመን በሶቪየት፣ ኋላም በሩሲያ ቀይ መስቀል ሲተዳደር የኖረው ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታል ባለበት መድኃኒት ቤት መኮልኮሉ የታወቀ ነውና፣ በጥቁር አንበሳ ፊት ለፊትም ሆነ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ መደብሮች በብዛት ይታያሉ። ከመደብሮቹ ደንበኞች መካከል የጤና መድህን ካርድ በኪሳቸው የያዙ አዛውንት አይታጡም።

ለመሆኑ መድህን ያለው ሰው ስለምን ከኪሱ ይከፍላል? ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው። አንድ አዛውንት ከሆስፒታሉ መስኮት ያጡትን መድኃኒት ከመደብር ሲገዙ፣ በመድህን በኩል ሊከፈል የነበረው ሒሳብ ወደ ጡረታ አበላቸው ወይም ወደ ልጆቻቸው ኪስ ይዞራል። ለመድኃኒት ነጋዴው ይህ ሽያጭ ነው። ለአዛውንቱ ግን ብዙ ጊዜ የወሩን መድኃኒት በሳምንት ቆርጦ የመግዛት፣ ከዚያም በየሁለት ቀኑ የመዋጥ ጉዳይ ነው።

በሌላው ዓለም የጤና መድህን ተቀነሰ ሲባል፣ አንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ አውጥቶ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህን ያህል አልከፍልም ይላል። በኢትዮጵያ የሆነው ከዚህ ይለያል። የካርዱ መብት በወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ካርዱ ሊገዛ የሚችለው ዕቃ ነው እየተቀነሰ የመጣው። ይህን ዓይነቱን ቅነሳ ማንም ፈርሞ ስለማያወጣው የሚታወቀው መስኮቱ ጋ ከተደረሰ በኋላ ነው።

ጡረተኛው የቀረበት መድህን

የአገሪቱ የጤና መድህን ሲነደፍ ሁለት ቅርንጫፍ እንዲኖረው ታስቦ ነበር። ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድህን በአዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም የወጣ ሲሆን፣ ማስፈጸሚያ ደንቡም በ2005 ዓ.ም ተከትሏል። በዚህ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም 3 ከመቶ እንዲያዋጡ፤ ጡረተኛው ግን ከአበሉ 1 ከመቶ ብቻ እንዲያዋጣና መንግሥት ያንኑ ያህል እንዲጨምርለት ተደንግጓል። ወረቀቱን ላነበበ ሰው፣ ጡረተኛው በትንሽ መዋጮ ከወጣቱ ሠራተኛ ጋር በአንድ ቋት ስለሚገባ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቀመው እሱ ነበር።

ይሁን እንጂ ሠራተኛው የደመወዙን መቆረጥ ስላልወደደው፣ የጤና ተቋማቱም ዝግጅት ገና ነው ስለተባለ፣ መዋጮው የሚጀመርበት ቀን በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሄደ። አዋጁ ሲወጣ 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች 70 ደፈኑ። የአማርኛው ተረት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለእነዚህ ጡረተኞች የተባለ ይመስላል።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ ለገበሬውና በግሉ ለሚተዳደረው የከተማ ሰው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ፣ ቆይቶ አዲስ አበባን ጨምሮ በአገሪቱ ተስፋፍቷል። በሙከራው ዘመን ፌዴራል መንግሥት ከተሰበሰበው መዋጮ 25 ከመቶ ያህል በአጠቃላይ ድጎማ ስም ይጨምር ነበር። ሥርዓቱ እየሰፋ ሲመጣ ይህ ድጎማ ወደ 10 ከመቶ ዝቅ ብሏል። አቅም የሌላቸውን ድሆች መዋጮ የመክፈሉ ኃላፊነት ደግሞ በዋናነት በክልሎች፣ በወረዳዎችና በከተማ አስተዳደሮች ላይ ወድቋል። በግልጽ «ቅነሳ» ሊባል የሚችል ነገር ቢፈለግ ይህ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ መዋጮውም፣ የመድኃኒቱም ዋጋ ዝቅተኛ ስለነበር ብዙም አላነጋገረም።

ስለዚህ ልደታ ውስጥ አንድ አዛውንት ካርድ ካላቸው ያ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የማኅበረሰብ አቀፉ ነው። በድርጅት ሲሠሩ የቡድን የሕክምና ኢንሹራንስ የነበራቸውም ቢሆኑ ከዚህ ዕጣ አያመልጡም። የቡድኑ ውል የሚገዛው ለሠራተኛ ነውና፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ሽፋኑም አብሮ ይወጣል። ለብቻ ልግዛ ላለ ሰው ደግሞ ዓረቦኑ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይከብዳል። ለሠላሳ ዓመት ብዙም ሳይታመሙ የኢንሹራንስ ደንበኛ ሆነው የኖሩ ሰው፣ መታመም በሚጀምሩበት ዓመት ደንበኛ መሆናቸው ያበቃል ማለት ነው።

«አይመለከትም» የተባለው ዝርዝር

የማኅበራዊ ጤና መድህን ደንብ የሚሸፍነውን ከገለጸ በኋላ የማይሸፍነውንም ዘርዝሯል። ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፣ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የአካል ንቅለ ተከላ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ይህ አያስገርምም። ዝርዝሩ ግን ይቀጥልና መነጽርን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ የመስሚያ መሣሪያን፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራን፣ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ካልሆነ በቀር የኩላሊት እጥበትን ይጨምራል። የማኅበረሰብ አቀፉም መድህን እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያሉትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል።

ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ሽማግሌ ጠልቶ አይደለም። ዓላማው ውድ የሆነውን ነቅሶ በማውጣት ቋቱን ማዳን ነበር። ተነቅሶ የወጣው ሲታይ ግን አብዛኛው የእርጅና ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ዓይን ይደክማል፣ ጥርስ ይወልቃል፣ ጆሮ ይከብዳል፣ በተደናቀፉ ጊዜ ዳሌ ይሰበራል።

ከዚህ በተጨማሪ በየትኛውም ዝርዝር ጎልተው የማይታዩ፣ ቤት ውስጥ ግን በየቀኑ የሚያልቁ ዕቃዎች አሉ። የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ አዛውንት የአዋቂ ዳይፐር፣ የሽንት ቱቦና ከረጢቱ፣ የቁስል ማሸጊያ፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ ከዚያም ዊልቸርና ክራንች ያስፈልጋሉ። ሐኪሙ ማዘዣ ቢጽፍላቸውም ባይጽፍላቸውም እነዚህን በአብዛኛው የሚገዛው ቤተሰብ ነው። የሕክምና ዕቃ መደብሮች መስታወት ላይ የሚታየውን ያየ ሰው የገበያውን ፍላጎት ከዚያው ሊያነበው ይችላል።

በብር የተሰበሰበ፣ በዶላር የሚወጣ

የማኅበረሰብ አቀፉ መዋጮ በቤተሰብ፣ በዓመት አንዴ፣ በተወሰነ ብር የሚከፈል ነው። መጠኑን ከፍ ለማድረግ የአስተዳደር ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ከፍ ሲልም ከአባላቱ የሚቀር አይጠፋም። መድኃኒቱና የሕክምና ዕቃው ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። አገር ውስጥ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃውን የሚያመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ንግድ ምን እንደሚገጥመው ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ120 ብር በላይ ሆነ። እዚህ ላይ መድኃኒትን ከሌላው ሸቀጥ ለይቶ ማየት ይገባል። ጨርቃ ጨርቅ ወይም የቤት ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ቀድሞውንም ዋጋውን የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ስለነበር የባንኩ ተመን መዝለሉ የሚባለውን ያህል አላናወጠውም። መድኃኒት ግን የውጭ ምንዛሪ በቅድሚያ ከሚፈቀድላቸው ዕቃዎች አንዱ ስለነበር፣ ወረፋው ቢረዝምም በባንክ ተመን ሲገባ ኖሯል። ስለሆነም የተመኑ ለውጥ በቀጥታ ካረፈባቸው ሸቀጦች አንዱ ሆነ።

ለምሳሌ ያህል 1,000 ዶላር የሚያወጣ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ጭነት ቢወሰድ፣ በ57 ሲባዛ 57,000 ብር፣ በ120 ሲባዛ 120,000 ብር ነው። መጓጓዣ፣ መጋዘን፣ የጅምላና የችርቻሮ ትርፍ ገና አልተጨመረም። መንግሥት በወቅቱ ነዳጅን፣ ማዳበሪያን፣ የምግብ ዘይትንና መድኃኒትን በጊዜያዊነት እንደሚደጉም ማስታወቁ አይዘነጋም። በግል አስመጪ በኩል የመጣ ዕቃ ግን በመደብር ሲሸጥ ስሌቱ ከባንክ ተመኑ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ይህ ዋጋ በቋቱ ላይ የሚያደርሰውን ማየት ነው። አንድ የመድህን ቋት 1,000,000 ብር ይዟል፣ አንድ ማዘዣም በአማካይ 200 ብር ያወጣል ቢባል፣ ቋቱ 5,000 ማዘዣ ይከፍላል። ማዘዣው 400 ብር ሲሆን የሚከፈለው 2,500 ነው። የቀሩት 2,500 ማዘዣዎች ከፋይ አጡ እንጂ በሽተኞቻቸው አልዳኑም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የአባላቱ ስብጥር ነው። መድህኑ በፈቃደኝነት የሚገባበት እስከሆነ ድረስ መዋጮውን ቀድሞ የሚከፍለው ሕመም ያለበት ቤት ነው። የ25 ዓመቱ ጎረምሳ ምን በወጣኝ ይላል። ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው እናት ያሉበት ቤት ግን አንድም ዓመት አያሳልፍም። መዋጮው በጨመረ ቁጥር ጤነኛው ይወጣል፣ በሽተኛው ይቆያል፤ ቋቱም በዚያው ልክ ይሳሳል። ቤተሰቡ በሙሉ ካልተመዘገበ አይሆንም የሚለው ደንብ የወጣው ይህን ለመከላከል ሲሆን፣ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም።

«የለም» የሚለው ቃል ከየት ይመጣል?

የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚያገኙት በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ተቋሙ በ1999 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ የተመሠረተው ነው። ሆስፒታሎች የሚገዙት ተዘዋዋሪ ፈንድ በሚባለው አሠራር ሲሆን፣ የሸጡበትን ገንዘብ መልሰው ዕቃ ይገዙበታል። ስሙ እንደሚያመለክተው ገንዘቡ ሳያቋርጥ መዞር አለበት።

የመድህን ካርድ የያዙ አዛውንት መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ የሚከፍሉት ነገር የለም። ሆስፒታሉ መድኃኒቱን ሰጥቶ ይመዘግባል፤ ሒሳቡን አጠራቅሞ፣ ብዙ ጊዜ በሩብ ዓመት፣ ለመድህኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ አመሳክሮ፣ ያልተስማማበትን ቀንሶ ይከፍላል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር የሆስፒታሉ ገንዘብ በሰው እጅ ነው። ነጋዴ ይህን በሽታ ስሙን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ዱቤ ይባላል። በካርድ የሚታከመው በበዛ መጠን ዱቤው ያድጋል፣ መደርደሪያው ይራቆታል። ጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው በሽተኛ ሲመጣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ካዝና ይገባል፤ ባለካርዱ ሲመጣ ግን ወራት ይጠበቃል። ሠራተኛው አድልዎ ባይፈልግ እንኳ ሒሳቡ ራሱ ያዳላል።

በዚህ ላይ አቅራቢው አገልግሎት ራሱ ዕቃው ያለቀበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ዕቃው እንደሌለ የሚገልጽ ማረጋገጫ ይዞ፣ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ወይም ጨረታ አውጥቶ ከግል ጅምላ አከፋፋይ መግዛት ይኖርበታል። የመንግሥት ግዢ ደንብ የራሱ ደረጃዎች ስላሉት ጊዜ ይፈጃል። የደም ግፊት ግን የግዢ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም። በዚህ መካከል ለአዛውንቱ የሚሰጣቸው መልስ «ይህ የለም፤ ከውጭ ይግዙ» የሚል ነው።

የአካባቢው ነዋሪ ሌላም ጣጣ አለበት። በማኅበረሰብ አቀፉ አሠራር ባለካርዱ በቅድሚያ መታየት ያለበት በጤና ጣቢያው ሲሆን፣ ወደ ሆስፒታል የሚያልፈው በሪፈር ወረቀት ነው። ደረጃውን ዘሎ የሄደ ሰው የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲሸፍን የሚያደርግ ደንብ ከሙከራው ዘመን ጀምሮ ነበር። ለወጣት ይህ መጠነኛ መጉላላት ነው። በዱላ ለሚሄዱ ሰው ግን አንድ ቀን ጤና ጣቢያ፣ ሌላ ቀን ሆስፒታል፣ በመጨረሻም መድኃኒት ቤት ማለት ነው። የልደታ ነባር ሠፈሮች በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲተከልባቸው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ አረጋውያንም አሉ። ክትትላቸው ጥቁር አንበሳ ሆኖ ቤታቸው ሌላ ክፍለ ከተማ የሆነ ሰዎች በታክሲ ሂሳብ ብቻ የሚያወጡት ከአንዳንዱ መድኃኒት ዋጋ አያንስም።

በፍሬ የሚሸጥ ወር

አንድ የ68 ዓመት ጡረተኛ አባት ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው እንበል። በቀን 40 ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋሉ። አሥር ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ስላለው 25 ቀን ይቆያቸዋል፤ በዓመት 15 ብልቃጥ ገደማ ይፈልጋሉ። በቀን ሁለቴ ከተወጉና ሲሪንጁን ካልደገሙት በዓመት 730 ሲሪንጅ ነው። ስኳራቸውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢለኩ 365 ስትሪፕ፣ ማለትም ባለ 50ው ካርቶን ከሰባት በላይ ያስፈልጋል። ለግፊቱ አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል በየቀኑ አለ። ሜትፎርሚን የታዘዘላቸውም ከሆነ በቀን ሁለት ፍሬ ይጨመራል።

ከዚህ ሁሉ ሆስፒታሉ ኢንሱሊኑን ቢሰጣቸው ሲሪንጁ ይጎድላል፤ ሲሪንጁ ቢገኝ ስትሪፑ አይገኝም። የጎደለውን ለመግዛት መደብር ሲገቡ የሚጠይቁት የወሩን አይደለም። «አሥር ፍሬ ስጠኝ» ይላሉ። በመርካቶ ዘይት በሲኒ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ የሚሸጥበት ምክንያት እዚህም ይሠራል። ገንዘቡ በትንሽ በትንሹ ስለሚመጣ ዕቃውም በትንሽ በትንሹ ይሄዳል።

አዛውንቱ ሲቸግራቸው የሚቀንሱበት ቅደም ተከተልም አለው። ስትሪፑ ይቀድማል፤ ሳይለኩም መወጋት ይቻላልና። ቀጥሎ ሲሪንጁ ይደጋገማል። ከዚያ የግፊቱ ክኒን በየሁለት ቀኑ ይሆናል፤ ግፊት አያምምና። በ2007 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን 16 ከመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ያልታከመ ግፊት መጨረሻው ስትሮክ፣ ያልተለካ ስኳር መጨረሻው የእግር ቁስልና የኩላሊት መድከም ነው። ያን ጊዜ አዛውንቱ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚመለሱት በአልጋ ሲሆን፣ የአልጋውን ሒሳብ የሚከፍለው ያው ክኒኑን መክፈል ያቃተው ቋት ነው። 

የስትሪፑ ንግድ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የስኳር መለኪያው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም በነፃ ይሰጣል። ትርፉ ያለው ስትሪፑ ላይ ነው። አንድ መሣሪያ የሚቀበለው የራሱን ፋብሪካ ስትሪፕ ብቻ በመሆኑ መሣሪያውን የወሰደ ሰው ለዕድሜ ልክ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ ልጆችና የልጅ ልጆች በሻንጣቸው መሣሪያና ሁለት ሦስት ካርቶን ይዘው ይመጣሉ። ስትሪፑ ሲያልቅ የዚያ ዓይነቱ እዚህ አይገኝም፤ መሣሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። በቤታቸው ሦስት መሣሪያ ኖሯቸው አንድም ስትሪፕ የሌላቸው አዛውንት መኖራቸው አያስደንቅም።

አሜሪካኖቹ ዋጋውን ሲቆርጡ

የዘመድ ሻንጣ ከተነሣ፣ ስትሪፑ የሚመጣበት አገርም ከመድህን ቅነሳ ነፃ እንዳልነበረ ማንሣት ያስፈልጋል። ለአሜሪካ አረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድህን፣ አቅራቢዎች በጨረታ እንዲወዳደሩ ካደረገ በኋላ ከሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም ጀምሮ በፖስታ ለሚላክ 100 ስትሪፕና መውጊያ ይከፍል የነበረውን 77.90 ዶላር ወደ 22.47 ዶላር አወረደው። ቅናሹ ከ70 ከመቶ በላይ ነው። የአዛውንቱም ድርሻ ከ15.58 ወደ 4.49 ዶላር ወረደ። በወረቀት ሲታይ ሁሉም ተጠቃሚ ነበር።

ሆኖም ብዙ አቅራቢ ከገበያው ወጣ፤ የቀሩትም ርካሽ የሆነውን ዓይነት ብቻ መያዝን መረጡ። አሠራሩ ቀደም ብሎ የተሞከረባቸውን 9 አካባቢዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስትሪፕ በሚገባ ያገኙ ከነበሩት አረጋውያን መካከል የተቋረጠባቸው መኖራቸውን አስፍረዋል። የመድህኑ መሥሪያ ቤት በበኩሉ በጤናቸው ላይ የታየ ጉዳት የለም በማለት ተከራክሯል። ክርክሩን ማን አሸነፈ የሚለውን ለእነሱ ትቶ፣ ለነጋዴ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ከፋዩ ዋጋ ሲጥል ዕቃው በመደርደሪያ ላይ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው አቅራቢው መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ የሆነው መልኩን የገለበጠ ነው። እዚያ ዋጋው ወረደና ዕቃው ሸሸ፤ እዚህ ደግሞ የከፋዩ ገንዘብ ባለበት ቆሞ ዋጋው ጥሎት ሄደ። መስኮቱ ላይ ለቆሙት አዛውንት ግን ልዩነቱ አይታያቸውም።

ውል የሚፈርም መድኃኒት ቤት

መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ያላቸው መድኃኒት ሲያልቅ ባለካርዱ ውል ካለው መድኃኒት ቤት ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። እንደ ከነማና ቀይ መስቀል ያሉት መድኃኒት ቤቶች በየቦታው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የመጀመሪያ ተመራጭ ናቸው። ትርፋቸው የተወሰነ፣ ሒሳባቸውም ለቁጥጥር የተመቸ ነው። ግን ብዛታቸው ከተማዋን አይሸፍንም፤ እነሱም የሚገዙት ከዚያው ገበያ ስለሆነ ያልገባ ዕቃ ከየትም አያመጡም። በመሆኑም ዞሮ ዞሮ የግል ነጋዴው በር መንኳኳቱ አይቀርም።

ለግል ነጋዴው መድህን ትልቅ ደንበኛ ነው። ፍላጎቱ አይዋዥቅም፤ ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው በክረምትም በበጋም ይገዛል። በፍሬ ሳይሆን የወሩን በሙሉ ስለሚወስድ ሽያጩ ይጨምራል። በአገር ውስጥ ማምረት ለሚያስብ ባለሀብትም ቢሆን፣ በቂሊንጦ መድኃኒት ፓርክ ቦታ ከመጠየቁ በፊት የሚያየው የማያቋርጥ ገዢ መኖሩን ነው። ሲሪንጅ፣ ጓንት፣ የቁስል ማሸጊያና የአዋቂ ዳይፐር ከክኒን ይልቅ ለመጀመር የሚቀሉ መስኮች ናቸው፤ ምዝገባው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል የሚያልፍ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

የሚያስፈራው የክፍያው ቀን ነው። በወር የ500,000 ብር መድኃኒት በካርድ የሚሰጥ መድኃኒት ቤት ክፍያው ሦስት ወር ቢዘገይበት 1,500,000 ብሩ ውጭ ነው። ገንዘቡን ከባንክ በ18 ከመቶ ወለድ የተበደረ ከሆነ በየወሩ 22,500 ብር ወለድ ይከፍላል። ይህንን የሚያካክስ መስመር በመድህኑ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ ነጋዴው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ውሉን ሳያድስ መተው፣ ወይም ውሉን ይዞ ቆይቶ ጥሬ ገንዘብ ለያዘው ደንበኛ ዕቃውን አስቀምጦ፣ ካርድ ላሳዩት አዛውንት «የለም» ማለት። ውሉን የሚያረቅቀው ወገን የሩብ ዓመቱን ሒሳብ በከፊል በቅድሚያ የሚከፍልበትን አንቀጽ ካላስገባ፣ ሁለተኛው ምርጫ የሚዘወተረው ነው።